የሌላ ሰው ሂሪንግ ኤድ (የመስሚያ መሣሪያ) ለአባዬ ተላከልን፤ ያድርገው ወይስ ይቅርበት?

የሹፌሩ ልጅ

ሰላም ቤተሰብ። ከአዳማ ነኝ፣ ፍራንኮ አካባቢ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

አባዬ 69 ዓመቱ ነው። ዕድሜውን ሙሉ ተሳቢ ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ መጀመሪያ በአሰብ፣ ኋላ በጅቡቲ መስመር። ጆሮው መድከም ከጀመረ ቆይቷል። እኛ ቤት ቴሌቪዥን ሲከፈት ጎረቤት የራሱን ያጠፋል፣ የኛው ይበቃዋላ። "አባዬ፣ ምሳ ቀርቧል" ስትለው "ማን ተቀበረ?" ይላል። ስንስቅ ከረምን፣ አሁን ግን ሳቁም አለቀብን። ዕድር ስብሰባ መሄድ ትቷል። "ምን ላደርግ? አፍ አፋቸውን እያየሁ ልመለስ?" አለኝ አንድ ቀን፣ አንጀቴን በላው።

ባለፈው ወር አሜሪካ ያለው ወንድሜ በሰው እጅ አንድ ጥንድ ሂሪንግ ኤድ ላከ። አዲስ አይደለም። የሚስቱ እናት ሲያደርጉት የነበረ ነው፣ ነፍሳቸውን ይማርና አምና አርፈዋል። "ስንት ብር የወጣበት ዕቃ መሳቢያ ውስጥ ከሚቀመጥ አባዬ ይስማበት" ብሎ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ነበር።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፣ አባዬ ሲያደርገው ያፏጫል። ጋቢውን ሲከናነብማ እሳት ላይ የተረሳ ማንቆርቆሪያ ነው የሚመስለው። ሰሐን ከሰሐን ሲነካካ "ጭንቅላቴን ፈለጠኝ" ይላል፣ የሰው ንግግር ግን አሁንም አይለይም። በሁለተኛው ቀን ቀኝ ጆሮዬን አመመኝ አለ። አሁን አውልቆ ከነመለዋወጫ ባትሪው፣ ከግፊት ኪኒኑ ጋር በአንድ ፌስታል ጠቅልሎ የሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ይዞት ይዞራል።

እና ምን ላድርግ? እስኪለምደው ላስገድደው? የሰው ዕቃ ማድረግ ይጎዳል እንዴ? ደግሞ ቤት ውስጥ 2 ዓመት ያልሞላት ልጅ አለችኝ፣ ባትሪውን ስታይ እንደ ከረሜላ ነው የምትቋምጠው። አንድ ሱቅ ውስጥም "ድምፅ ማጉያ" የሚሉት ርካሽ ነገር አይቻለሁ። እሱ ይሻል ይሆን?

---

ባሻ 04

እህቴ ዝም ብለሽ ድምፁን ጨምሪለት፣ ይለምደዋል። ማታ ማታ ደግሞ ሞቅ ያለ ዘይት ጆሮው ውስጥ ጠብ አድርጊለት፣ ኩኩን ያሟሟዋል። አያቴ እስከ 90 ዓመቷ ድረስ የሰማችው በዚሁ ነው።

---

ሲስተር መ.

ባሻ፣ ይቅርታ አድርግልኝና ዘይቱ ይቅር። የጆሮ፣ አፍንጫና ጉሮሮ ክፍል ውስጥ ለዓመታት ሠርቻለሁ። ዘይት፣ ጤና አዳም፣ የቀለጠ ቅቤ፣ ሁሉንም አይቻለሁ። ከአንድ አዛውንት ጆሮ የነጭ ሽንኩርት ፍንካች አውጥተናል፣ መቼ እንደገባ እሳቸውም አያስታውሱም። ታምቡሩ ቀዳዳ ካለው የጨመርከው ነገር አልፎ መሐል ጆሮ ይገባና ተኝቶ የነበረውን መግል ይቀሰቅሳል። ቀዳዳ ይኑረው አይኑረው ደግሞ ጆሮው በመሣሪያ ካልታየ አይታወቅም።

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር። ይህን እንዳነበብሽ ተነሺና ባትሪውንና ኪኒኑን ለያዪ። አሁኑኑ። የሂሪንግ ኤድ ባትሪ በመጠንም በክብደትም ኪኒን ነው የሚመስለው፤ መነጽር ሳያደርጉ፣ በደብዛዛ መብራት፣ በውኃ ገፋ አድርገው የዋጡ ሽማግሌዎች አሉ። በልጅቷ ብቻ አትስጊ።

አሁን ወደ ጆሯቸው። አመመኝ ካሉ ይውለቅ፣ አታስገድጃቸው። ሂሪንግ ኤድ መጀመሪያ ላይ ይረብሻል፣ ይጮሃል፣ ያሰለቻል፣ ይሄ ሁሉ ያለ ነው። ማመም ግን የለበትም። ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ የጎማ ቆብ እስቲ ተመልከቺ፣ ሁለቱም ላይ አለች? አንዳንዴ ሲወልቅ ቆቧ ተነቅላ ጆሮ ውስጥ ትቀራለች። አንዷ ከሌለች በክብሪት እንጨትም በፀጉር ማስያዣም እንዳትፈልጊያት፣ የበለጠ ትገፊያታለሽ። ሐኪም ያውጣት።

የሰው ዕቃ ይጎዳል ወይ ላልሽው፣ አዎ፣ ሊጎዳ ይችላል። የሰው መነጽር ብታደርጊ ያዞርሻል፣ አውልቀሽ ታስቀምጪዋለሽ፣ አበቃ። ይሄኛው ግን ጆሮ ውስጥ ድምፅ የሚለቅ ነገር ነው። ሂሪንግ ኤድ የሚስተካከለው በባለቤቱ የመስማት ምርመራ ነው፤ ወፍራሙ ድምፅ ይሄን ያህል ይጨመር፣ ቀጭኑ ይሄን ያህል እየተባለ። የሟቿ ጆሮ በጣም የደከመ ከነበረ ዕቃው የተሞላው ለሳቸው ነው። የአባትሽ ጆሮ ያን ያህል ካልደከመ ትርፉ ድምፅ የቀረችውን መስማት ነው የሚበላው።

ደግሞ ከጻፍሽው አንድ ነገር ጠርጥሬአለሁ፣ ጆሯቸውን የጎዳው የተሳቢው ጩኸት ሊሆን ይችላል። በጩኸት የተጎዳ ጆሮ ቀድሞ የሚያጣው ቀጭኑን ድምፅ ነው። ስለዚህ ሰውየው "ይሰማኛል ግን አይገባኝም" ይላል። "አ" እና "ኦ" ይደርሱታል፣ "ሰ"፣ "ፈ"፣ "ሸ"፣ "ተ" ግን ያመልጡታል። ምሳ ቀርቦ "ማን ተቀበረ" ያሉት ከዚህ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ላለ ጆሮ ሁሉንም እኩል ብታጮሂበት ሰሐኑ ጭንቅላቱን ይፈልጠዋል እንጂ ቃሉ አይጠራለትም። ሱቅ ያየሽውም ማጉያ ሥራው ይኸው ነው፤ ሹክሹክታውንም የባጃጁን ክላክስም አንድ ላይ ያጮኸዋል። ይቅርብሽ።

ለመሆኑ የባሰው የትኛው ጆሮ ነው? ሲነዱ በመስኮት በኩል የነበረው ግራው ነው? በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት ካለ ለሐኪሙ ንገሪው፣ ምክንያቱ ሌላ እንዳይሆን መታየት አለበት። መግል ወይም ደም ካለ፣ ማዞር ካለ ደግሞ ሂሪንግ ኤድ ከመታሰቡ በፊት ሕክምናው ይቀድማል። እንዲያው ሌላውም ሰው ይወቀው፣ ደህና የነበረ ጆሮ በአንድ ሌሊት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ድርግም ካለ ቀጠሮ አይጠበቅም። ያ ድንገተኛ ነው፣ መድኃኒቱ የሚሠራው ቶሎ ሲጀመር ነው።

ዕቃውን ግን አትጣሉት። ኦዲዮሎጂስት (መስማትን የሚመረምር ባለሙያ) ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ በአባትሽ ምርመራ ልክ ሊያስተካክለው ይችላል፤ ጆሮ ውስጥ የሚገባው ክፍል ግን ለሳቸው አዲስ ይሁን፣ የሰው ጆሮ የነካ ነገር ነው። የሁሉም ብራንድ ሶፍትዌር ሁሉም ቦታ አይገኝም፣ ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት የዕቃውን ስምና ሞዴል ይዘሽ በስልክ ጠይቂ። አዳማ ያለ የጆሮ ሐኪም መጀመሪያ ውስጡን ይየው። ለቀረው አዲስ አበባ መሄድ ካስፈለገ ጥቁር አንበሳም ጳውሎስም የጆሮ ክፍል አላቸው።

ወንድምሽ ቀጥሎ "ያለ ሐኪም የሚሸጠውን ልግዛ" ማለቱ አይቀርም፣ እንተዋወቃለን ከዳያስፖራ ጋር። እውነት ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈቅዷል። የተፈቀደው ግን ዕድሜው 18 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነና ድካሙ ቀላል ወይም መካከለኛ ለሆነ ሰው ነው። ቴሌቪዥናቸው ጎረቤት የሚያስተናግድ ከሆነ አባትሽ ከዚያ ያለፉ ሳይሆኑ አይቀሩም።

---

ባለ ሁለቱ ጆሮ

እኔ ሐኪም አይደለሁም፣ አስተማሪ ነኝ። ግን 11 ዓመት አድርጌዋለሁ፣ እዚሁ አዳማ፣ በዚህ ሙቀትና በዚህ አቧራ። ሲስተር የጨረሰችውን አልደግምም።

የጋቢው ነገር አሳቀኝ፣ የኔም እንደዚያው ነው። ጆሮ ውስጥ የተለቀቀው ድምፅ ሾልኮ ወጥቶ ማይኩ እንደገና ሲይዘው ነው የሚያፏጨው። ጋቢ ስትከናነብ፣ ሰው አቅፎ ሲስምህ፣ ትራስ ላይ ጋደም ስትል ድምፁ ተመልሶ ይገባል። ይሄ ብልሽት አይደለም። ሳትከናነብም ዝም ብሎ የሚያፏጭ ከሆነ ግን ወይ ለጆሮህ ልክ አልሆነም፣ ወይ ኩክ ደፍኖታል፣ ወይ ድምፁ በዝቷል። የአባትሽ በሰው ልክ የተሠራ ስለሆነ ማፏጨቱ አይገርምም። አደራረጉንም እዩ፣ ቀይ ምልክት ያለው ለቀኝ ነው፣ ሰማያዊው ለግራ። "ቀይ ለቀኝ" ብለሽ አስጠኚያቸው፣ እኔ እስካሁን በሆዴ እላታለሁ።

ውኃ ጠላቱ ነው። ይሄን ያወቅሁት ሶደሬ ነው። ቤተሰብ ይዤ ሄጄ፣ ልጆቹ ና ግባ ና ግባ ሲሉኝ ሸሚዜን አወለቅሁ፣ ሰዓቴን አወለቅሁ፣ ስልኬን ለሚስቴ ሰጠሁ፣ ዘልዬ ገባሁ። ብቅ ስል ዓለም ጸጥ ብላለች። የሚስቴ አፍ ይንቀሳቀሳል፣ ምን እያለች እንደሆነ ለመገመት መስማት አላስፈለገኝም። አንደኛው ከዚያ በኋላ አልተነሣም። ጠበል ስትጠመቁ፣ ሻወር ስትወስዱ፣ ፀጉር ቤት ስፕሬይ ሲነፋ አውልቁ። እናቴ (አፈሩ ይቅለላትና) አናቷ ላይ ቅቤ ትቀባ ነበር። እሷ ዘንድ ስሄድ ለኔም ካልቀባሁህ ትላለች። የቀለጠው ቅቤ ወርዶ ማይኩን ደፈነው፣ ጠጋኙ "ምን ቀባኸው?" አለኝ፣ "እናቴን ጠይቃት" አልኩት።

ላብም ውኃ ነው። ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለውን የአዳማን ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ከፖስታ ቤት እስከ ቤት በእግሬ ስሄድ ከጆሮዬ ጀርባ ይንቆረቆራል። ቤት ስገባ አወልቀውና በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ እጠርገዋለሁ። በውኃ አይደለም፣ በአልኮልም አይደለም፣ በደረቅ ጨርቅ። ቀዳዳዋን በትንሿ ብሩሽ፣ ብሩሽ ከሌለ በለስላሳ ደረቅ የጥርስ ብሩሽ፣ ወደ ታች ዘቅዝቄ ጠረግ ጠረግ። ማታ የባትሪውን በር ከፍቼ ክዳን ያለው ብልቃጥ ውስጥ ከማድረቂያ ከረጢት ጋር አሳድረዋለሁ። ያቺ "አትብሉ" የተጻፈባት፣ አዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኝ ከረጢት የለችም? እሷ። ሩዝ ውስጥ የሚከቱ አሉ፣ ብናኙ ራሱ ይገባበታል፣ አልወደውም። ጆሮ ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ የሚነቀል ከሆነ እሱን ነቅሎ በሳሙናና በለብ ያለ ውኃ ማጠብ ይቻላል፣ እስኪደርቅ ጠብቆ ነው መመለስ። ድምፅ የምታስገባው ቱቦ ስትጠነክርና ቢጫ ስትሆን ትቀየር።

ባትሪው ሌላ ጉድ ነው። የሚጣለው ዓይነት አየር ሲያገኝ ነው የሚነሣው፣ ለዚያ ነው ወረቀት የተለጠፈበት። ወረቀቱን ልጣችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ፣ ብትችሉ እስከ 5 ደቂቃ አቆዩት፣ ከዚያ ክተቱት። ያኔ በደንብ ይሠራል። አንዴ ከተላጠ መልሶ መለጠፍ አያቆመውም። የኔ ሲሄድ ሲሄድ ሳምንት፣ ቢበዛ ሁለት ሳምንት ነው። ሱቅ ስትገዙ ቀለሙን ያዙ፤ 10 ቁጥር ቢጫ ነው፣ 312 ቡናማ፣ 13 ብርቱካናማ፣ 675 ሰማያዊ። እኔ ልጄን ልኬ "ቡናማውን" ብዬ ነው የማስገዛው፣ ቁጥር ይሳሳታል። የሚያበቃበትን ቀን ሳታዩ እንዳትገዙ።

ቻርጅ የሚደረገውም አለ። ጥሩ ነው፣ ለሚንቀጠቀጥ እጅ ይመቻል። ግን መብራት ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? አንድ ማታ ቻርጅ ካልሆነ በነጋታው ከቀትር በኋላ ደንቆሮ ነህ። ፓወር ባንክ ይኑር። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ዳሽቦርድ ላይ ደግሞ ፈጽሞ እንዳታስቀምጡት፣ ውስጡ ያለው የስልክ ዓይነት ባትሪ ነው፣ ሙቀት አይወድም።

ሆስፒታል ራጅ ወይም ሲቲ ስካን ስትነሡ አውልቁ። ኤምአርአይማ ክፍሉ በር ላይ ከመድረሳችሁ በፊት። ማግኔቱ አይምርም።

አንድ የረሳሁት። መንገድ። አባትሽ ሲጀምሩ በተለይ አንድ ጆሮ ላይ ብቻ ካደረጉ ባጃጁ ይሰማቸዋል፣ ከየት እንደመጣ ግን አይለዩም። እኔ የመጀመሪያ ሳምንት የቀኙን ባጃጅ ወደ ቀኝ ዘልዬ ነው ያመለጥኩት፣ ማለትም ወደ ባጃጁ ዘለልኩ ማለት ነው! ሹፌሩ የሰደበኝ ስድብ ጥርት ብሎ ተሰምቶኛል፣ ዕቃው እንደሚሠራ ያረጋገጥኩትም ያኔ ነው። ለጊዜው ሰው ይዟቸው ይሻገር። ቤት ውስጥ በቀን ሰዓት ሁለት ሰዓት፣ ጸጥ ባለ ቦታ፣ አንድ ሰው ብቻ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያዋራቸው፣ እየቆየ ሰዓቱ ይጨመር። ፍሪጁ፣ ምጣዱ፣ የራሳቸው ነጠላ ጫማ፣ ሁሉም ጩኸት ይሆንባቸዋል። ለዓመታት ያልሰማ ጭንቅላት ነው። እናንተ ደግሞ አትጩሁባቸው፣ ካደረጉ በኋላ መጮህ ጆሯቸው ውስጥ መጮህ ነው።

---

የናቲ እናት

ስለ ልጅሽ ስታነሺ ዝም ማለት አልቻልኩም።

ልጄ 6 ዓመቱ ነው፣ ሁለቱም ጆሮው ላይ ያደርጋል። 4 ዓመቱ እያለ የአንዱን የባትሪ በር ከፍቶ ባትሪውን አፍንጫው ውስጥ ከተተው። እኔ አላየሁም። ማታ አንዱ አፍንጫው ይንጠባጠባል፣ ጠቆር ያለ ነገር፣ ይሸታል። አንድ ጤና ተቋም ወሰድኩት፣ ጉንፋን ነው ተብሎ ጠብታ ታዘዘለት። ቤት ስመለስ ነው የሂሪንግ ኤዱ ባትሪ ቦታ ባዶ ሆኖ ያየሁት። እጄ ተንቀጠቀጠ። በሌሊት ሌላ ቦታ ወሰድኩት፣ አወጡለት። ውስጡ ተቃጥሎ ነበር። ትንሽ ቢቆይ የአፍንጫውን መከፈያ ይበሳው ነበር ነው ያሉኝ። እርጥብ ሥጋ ላይ ሲያርፍ በሰዓታት ውስጥ ነው የሚያቃጥለው። ጠብታ ጭራሽ አይደረግም፣ እርጥበቱ ያባብሰዋል፤ ያን ቀን ጠብታውን ሳልጨምርለት መቅረቴን እስካሁን አመሰግናለሁ።

ልጅ ዋጠ፣ አፍንጫ ወይም ጆሮው ውስጥ ከተተ ብላችሁ ከጠረጠራችሁ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። "ባትሪ ነው" በሉ፣ መጀመሪያ የምትናገሩት ቃል እሱ ይሁን። ካለ የባትሪውን ማሸጊያ ይዛችሁ ሂዱ። አስመልሱት ብላችሁ ጣት እንዳትከቱ። ያለቀውም ባትሪ ያው ነው፣ አልቋል ብላችሁ መሬት ላይ አትጣሉት። እኔ ያለቁትን የማጠራቅመው ክዳኑ በሚጠብቅ የመድኃኒት ብልቃጥ ነው፣ ቁም ሳጥን አናት ላይ።

ለልጆች የሚሆን የባትሪ በር መቆለፊያ አለ፣ በቀጭን ነገር ካልተገፋ የማይከፈት። ለትልቅ ሰውም ይሠራል፣ ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ ጠይቁ። ስታስተካክሉ ያንኑ አስደርጉ።

---

ብረታ ብረት

ይቅርታ ጥያቄውን ልጥለፍ። በርና መስኮት እሠራለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ግራይንደርና መዶሻ ነው። አንድ ጆሮዬ ላይ ሂሪንግ ኤድ አለኝ። ሥራ ላይ አጠፋዋለሁ፣ እንደተደፈነ ጆሮ መከላከያ ይሆነኛል ብዬ። ልክ ነኝ?

---

ሲስተር መ.

አይደለህም ወንድሜ። የጠፋ ሂሪንግ ኤድ መከላከያ አይደለም፣ በተለይ ጫፉ የአየር ቀዳዳ ያለው ከሆነ ድምፁ እንደልቡ ያልፋል። ክፍት አድርገህ ብትሠራ ደግሞ የባሰ ነው፣ ግራይንደሩን አጉልቶ ያስገባልሃል። አውልቀው፣ ከብረት ብናኝ ራቅ አድርገህ ሳጥን ውስጥ ክተተው፣ እና ሁለቱንም ጆሮ የሚሸፍነውን መከላከያ አድርግ። ደህናው ጆሮህንም ጭምር ነው የምልህ።

ለመለኪያ ያህል 85 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) በቀን ቢበዛ ለ8 ሰዓት ነው የሚመከረው፣ በየ3 ዴሲቤሉ ሰዓቱ በግማሽ ይቀንሳል። 88 ከሆነ 4 ሰዓት ማለት ነው። ግራይንደር ከዚህ በላይ ነው። መለኪያ ከሌለህ፣ አንድ ክንድ ርቀት ላይ ያለውን ሰው ለማናገር መጮህ ካስፈለገህ በዝቷል።

---

ባሻ 04

ዘይቱን ተረድቻለሁ ሲስተር፣ ለሰላጣ አድርጌዋለሁ። ግን አያቴ ትሰማ ነበር እኮ!

---

የሹፌሩ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በመጀመሪያ፣ ኪኒኑና ባትሪው ያኑ ማታ ተለያይተዋል። አባዬ "ምን ሆናችሁ፣ ሕፃን ነኝ?" ብሎ ተቆጣ። ባትሪውንና ኪኒኑን ጎን ለጎን መዳፌ ላይ አድርጌ "የቱ ነው የግፊትህ?" አልኩት። ጠጋ አድርጎ አየ፣ አራቀው፣ እንደገና አቀረበው። ከዚያ ምንም ሳይናገር ባትሪውን ሰጠኝ።

ሲስተር ያልሽው የጎማ ቆብ፣ የቀኙ ላይ የለም! ሲልክልን ነበረ ወይ ብዬ ወንድሜን ፎቶ ጠየቅሁት፣ ፎቶው ላይ አለ። በነጋታው ሐኪም ዘንድ ሄድን። ቀኝ ጆሮው ውስጥ ተቀርቅራ ተገኘች፣ የምስር ፍሬ ታክላለች። ግራው ደግሞ በኩክ ተደፍኗል፣ ሐኪሙ ሲያወጣው እኔ ፊቴን አዞርኩ። ያንን ብቻ አጽድቶ ስንወጣ አባዬ ደረጃው ላይ ቆም ብሎ "ይሄ ሁሉ ባጃጅ ከመቼ ወዲህ ነው?" አለ።

የቀኙ እስኪድን ሁለት ሳምንት ምንም ነገር እንዳያደርግ ተብሏል። የመስማት ምርመራው አዲስ አበባ ነው፣ ቀጠሮ ይዘናል። ሞዴሉን በስልክ ነግሬአቸዋለሁ፣ ሊስተካከል ይችላል ብለዋል። ሄደን ስንመጣ እጽፋለሁ።

---

የሹፌሩ ልጅ

ከ6 ሳምንት በኋላ መጣሁ፣ ይቅርታ ዘገየሁ።

ሲስተር ጥርጣሬሽ ልክ ነበር፣ ቀጭኑ ድምፅ ነው የሄደው፣ ግራውም የባሰ ነው። ልዩነቱ ግን የሚያሰጋ አይደለም ብለውናል። ዕቃው ድሮ ለሟቿ ተሞልቶ የነበረውን ኮምፒውተር ላይ አሳዩኝ፣ ከአባዬ ጋር ምንም አይገናኝም። በሱ ልክ አስተካከሉት፣ ጆሮ ውስጥ የሚገባውም ለሱ ተለክቶ ተሠራለት፣ የባትሪ መቆለፊያም አለው። አሁን ጋቢ ሲከናነብ ብቻ ነው ትንሽ ሲጥ የሚለው።

ስንመለስ በፈጣን መንገዱ ነው የመጣነው፣ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከሹፌሩ ኋላ ተቀምጠን። አባዬ ገና አዲስ ነው፣ ዝም ብሎ መስኮት መስኮቱን ያያል። ደክሞት ይሆናል ብዬ ላወልቅለት ስል እጄን ያዘኝ። ትንሽ አዳመጠ። ከዚያ ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የሹፌሩን ትከሻ ነካ አደረገው።

"ልጄ፣ የኋላ ጎማ ቤሪንግህ እያለቀ ነው።"

ልጁ በመስታወት አየውና "አባባ፣ እኔ ምንም አልሰማሁም" አለ።

"ይጮሃል" አለ አባዬ። "ግራው ይሁን ቀኙ ነው ያልለየሁት።"